አሥራ አራት ወር የተኖረበት ቤት

ዛሬ ስለ አንድ ቤት ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት። ቤቱ የእኔ አይደለም፤ የዘመዶቼም አይደለም። በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ፣ ሃይድ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ከመቶ ዓመት በላይ የቆመ የጡብ ቤት ነው። ሮቢ ሃውስ ይሉታል፤ የሮቢ ቤት ማለት ነው። ያሠሩት ሁለት ልጆች ያሏቸው ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ፣ ለመሥራት የምትቆጥቡ፣ ወይም በቤት ጉዳይ ተኳርፋችሁ ጀርባ ተሰጣጥታችሁ የምታድሩ ካላችሁ፣ ታሪኩ እናንተንም ይመለከታል ብዬ አስባለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የማስቀምጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ፍሬድሪክ ሮቢ በአባቱ የብስክሌት ዕቃ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ መኪና የሚወድ ሰው ነበር። ቦታውን በ1908 ሲገዛ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ሚስቱ ሎራ በ1900 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ስትሆን፣ ከትምህርት ቤቷ አካባቢ ርቃ መኖር አልፈለገችም። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ የማዕዘን ቦታ በ13,500 ዶላር ገዙ። ቦታው ጠባብና ረጅም ነው፤ ወርዱ 18 ሜትር፣ ርዝመቱ 55 ሜትር ያህል ይሆናል። በእኛ አነጋገር አንድ ሺህ ካሬ ያህል ማለት ነው።

ሮቢ በስተርጅናው ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ያን ጊዜ የፈለገውን አንድ በአንድ ዘርዝሯል። እንደ ሳጥን የተዘጋጉ ክፍሎች አልፈለገም። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ሳሎኑ ፀሐይ እንዲያገኝ ይፈልጋል። እርሱ መንገዱንና ጎረቤቱን እንዲያይ፣ ጎረቤቱ ግን እርሱን እንዳያይ ይፈልጋል። (አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ረጅም ግንብ አጥር፣ ከላዩም የጠርሙስ ስባሪ ይበቃው ነበር።) ልጆቹ ወደ መንገድ ወጥተው እንዳይጠፉም የጡብ አጥር ያለው መጫወቻ ግቢ ፈለገ። ይህን ሐሳቡን የሰሙ አርክቴክቶች የምትፈልገው የራይትን ቤት ነው እያሉ ይመልሱት ነበር። ፍራንክ ሎይድ ራይት በዚያ ዘመን በቺካጎና በዙሪያዋ ስሙ የገነነ አርክቴክት ነው። ሮቢም ወደ እርሱ ሄደ።

እስቲ ጡቡን እንመልከት፤ እኔን መጀመሪያ የማረከኝ እርሱ ነውና። እኛ የምናውቀው ዓይነት ወፍራም ሸክላ አይደለም። ቁመቱ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭንና ረጅም ጡብ ነው። የሮማ ጡብ ይሉታል። ቀለሙ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ ሆኖ፣ የብረት ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። ብልሃቱ ያለው ደግሞ ጡብን ከጡብ በሚያያይዘው የሲሚንቶ ድብልቅ ላይ ነው። በአግድም በሚሄደው መጋጠሚያ ክሬም መልክ ያለው ድብልቅ ተሞላ፤ በቁም ባለው አጭር መጋጠሚያ ግን የጡቡን ቀለም የያዘ ድብልቅ ገባ። በዚህ የተነሣ ከሩቅ ስታዩት እያንዳንዱ ጡብ ተለይቶ አይታይም። የሚታያችሁ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ቀይ መስመር፣ በላዩ ደግሞ ሌላ መስመር ነው። ግንበኛ ያገባችሁ እህቶች ባሎቻችሁን ጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይነግሯችኋል። የሚገርመው ግን ይህ ያማረ ጡብ የፊት ለፊቱ ብቻ ነው። ከጀርባው፣ ዓይን በማያየው በኩል፣ ክብደቱን አብሮ የሚሸከመው የቺካጎ ተራ ርካሽ ጡብ ነው።

ጣሪያውም እንደ ጡቡ በአግድም የተዘረጋ ነው። በምዕራብ በኩል ታዛው ከመጨረሻው ድጋፍ ስድስት ሜትር ያህል አልፎ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ከሥሩ የቆመ ሰው ምን እንደያዘው አይታየውም። የያዙት ውስጥ ውስጡን የተቀበሩ ረጃጅም የብረት አግዳሚዎች ናቸው። በመስኮትና በበር 174 ባለ ንድፍ መስታወቶች አሉት፤ ውስጥ ያለው ወደ ውጭ ያያል፣ የውጭው ግን ወደ ውስጥ ለማየት ይቸገራል። የሮቢ ምኞት ያለ መጋረጃ ተፈጸመ። ዋናው መግቢያም ከመንገድ አይታይም፤ በሰሜን በኩል ዞራችሁ መፈለግ አለባችሁ።

ወደ ውስጥ ስንገባ ነገሩ ሁሉ ለቤተሰብ የታሰበ ሆኖ እናገኘዋለን። ምድር ቤቱ ላይ የልጆቹ መጫወቻና የአባትየው የቢሊያርድ ክፍል ጎን ለጎን ናቸው። ከላይ ሳሎኑና የምግብ ክፍሉ አንድ ረጅም አዳራሽ ሆነው፣ በመካከላቸው የእሳት ምድጃው ብቻ ቆሟል። ራይት ምድጃን የቤተሰብ ልብ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ነበርና የሚሠራቸውን ቤቶች በምድጃ ዙሪያ ያዋቅር ነበር። ለምግብ ጠረጴዛው የሠራቸው ወንበሮች መደገፊያ ከተቀማጩ ራስ በላይ የሚዘልቅ ነው። ቤተሰቡ ለራት ሲቀመጥ ወንበሮቹ ዙሪያውን ከብበው በቤቱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ቤት ይሠራሉ። ከቤቱ ጋር የተያያዘ ሦስት መኪና የሚያቆም ጋራዥም ነበረው፤ መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን መሆኑን አትርሱ።

ዋጋውስ? ሕንፃው 35,000፣ የቤት ዕቃው 10,000፣ ከቦታው ጋር ተደምሮ 58,500 ዶላር ፈጀ። ሮቢ ያሰበው 60,000 ነበር። ከታሰበው በታች አለቀ ማለት ነው! ቤት የሠራችሁ ሁሉ ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ ሳታነብቧት አትቀሩም።

ግንባታው በ1909 ተጀመረ። ያ ዓመት ግን ከባድ ዓመት ሆነ።

በበጋው የሮቢ አባት ሞተ፤ በንግዱ ውስጥ ትልቅ ዕዳ ትቶ ነበር። ልጅየው ዕዳውን በራሱ ላይ ወሰደ። በመኸር ወራት ደግሞ አርክቴክቱ ጠፋ። መጥፋቱ እንዲህ ነው፤ ራይት ከካተሪን ጋር ሃያ ዓመት የቆየ ትዳር ነበረው፤ ስድስት ልጆችም ወልደዋል። በ1909 ግን ቀድሞ ቤት የሠራለትን ሰው ሚስት፣ ማማ ቼኒን፣ ይዞ ወደ አውሮፓ ሄደ። እርሷም ባሏንና ልጆቿን ትታ ነው የሄደችው። ቢሮውን ለሌላ አርክቴክት አስረከበ፤ የሮቢን ቤት የውስጥ ሥራና የቤት ዕቃ ከዳር ያደረሱት ቢሮው ውስጥ ትሠራ የነበረችው ማሪየን ማሆኒና ጆርጅ ኒዴከን የተባለው የቤት ውስጥ ንድፍ ባለሙያ ናቸው። ራይት ራሱ የሰባኪ ልጅ ነው። አባቱ ዊልያም ኬሪ ራይት ሰባኪና የሙዚቃ መምህር ነበር፤ እርሱም ከራይት እናት ጋር በ1885 ተፋትቷል። የምድጃውን ጥበብ እንዲህ አሳምሮ የተረዳ ሰው የገዛ ምድጃውን ትቶ ሲሄድ፣ ባለ ምድጃው የሮቢ ቤት ገና በሥራ ላይ ነበር።

ሮቢ፣ ሎራና ልጆቹ በ1910 የጸደይ ወራት ገቡ። እኛ ብንሆን ቤት ለእምቦሳ ብለን እንገባ ነበር፤ እነርሱም እምቦሳ እሰሩ ይሉን ነበር። ነገር ግን የአባትየው ዕዳ ከበደ፤ ትዳሩም ሻከረ። በ1911 ሎራ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ሮቢ በቤቱ የኖረው አሥራ አራት ወር ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ቤቱን ከነዕቃው ሸጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህን ታሪክ የሰሙ አንዳንድ ሰዎች ቤቱ ነው ያፋታቸው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ቤቱ በልኩ ተሠራ፣ ከታሰበው ባነሰ ገንዘብ አለቀ፤ ዕዳው የመጣው ከሌላ በኩል ነው። የትዳሩም መሻከር ከጡብ የመጣ አይደለም። ቤት ሲሠራ ትዳር ይፈርሳል የሚለውን አባባል በምክር አገልግሎት ላይ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ ለሁለት ሰዎች ጥፋት ጡብን የሚከስስ አባባል ስለሚመስለኝ አልወደውም። ሮቢ ራሱ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ስለ ቤቱ ሲናገር ያመሰግነው ነበር እንጂ አልረገመውም። ይሁን እንጂ ይኸው ቤት ሌላውንም ወገን ዝም ያሰኛል። ባለጠጋ ወንበር፣ የጋራ ምድጃ፣ የልጆች ክፍል ከአባት ክፍል አጠገብ… ሁሉ ተሟልቶ ነበር።

ሁለተኛው ባለቤት ዴቪድ ሊ ቴይለር የሚባል የማስታወቂያ ድርጅት ፕሬዚዳንት ነበር። ገብቶ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ባለቤቱ ኤለን በ1912 ኅዳር ወር ላይ ለማርሻል ዊልበር ቤተሰብ ሸጠችው። ዊልበሮች አሥራ አራት ዓመት ኖሩበት። ስለ እነርሱ ብዙም አይወራም፤ አስጎብኚዎችም በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፏቸዋል። እኔ ግን ልቤ ከእነርሱ ጋር ነው። ሮቢ በወራት የቆጠረውን እነርሱ በዓመታት ቆጠሩ፤ በዚያ ጠረጴዛ ብዙውን ራት የበሉት እነርሱ ናቸው፤ ቤቱ ግን በስማቸው አልተጠራም።

እኔና ባለቤቴ ይህን ቤት ያየነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እርሱ በዚያ ከተማ ወዳለች የአገራችን ሰዎች ጉባኤ ለአገልግሎት ተጋብዞ፣ እኔም አብሬው ሄጄ ነበር። ስለዚህ ጉዞ የማወራችሁ ያን ሳምንት አንድ ጥያቄ በመካከላችን ስለነበረ ነው። ጉባኤዋ ባለቤቴን ሦስት ዓመት እዚያው ቆይቶ እንዲያገለግል፣ እኔና ልጆቹ ግን አዲስ አበባ እንድንጠብቀው ሐሳብ አቅርባለች። በቅንነት ነው ያቀረቡት። የእኛ ቤት ደግሞ በማኅበር ባገኘነው ቦታ ላይ ሶሌታው ተሞልቶ ብረቱ ወደ ሰማይ እንደቆመ ዓመታት አልፈውታል። የምንከፍለው ኪራይ በየዓመቱ ይጨምራል። የሦስት ዓመቱ ደመወዝ ቤቱን ይጨርሰው ነበር፤ ወረቀት ላይ ደምረን አይተነዋል።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በጉባኤያችን ቤት ለመጨረስ ብላ ዱባይ ሄዳ ሰባት ዓመት የቆየች እህት አለች። ቤቱ አልቋል፤ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ባሏና ልጇ ይኖሩበታል፤ እርሷ አሁንም ዱባይ ናት፤ አጥሩ ይቀራልና። ቪዲዮ እየደወለች ክፍሎቹን በስልክ ታያለች። እርሷን ልወቅስ አልችልም። እንዲህ ባለ መንገድ ስንት ወላጅ ከዝናብ እንደተጠለለ፣ ስንት ታናሽ ወንድም እንደተማረ እናንተም ታውቃላችሁ።

እና ምግብ ክፍሉ ውስጥ ቆመን፣ አስጎብኚዋ ስለ መብራቶቹ ስታስረዳ፣ ባለቤቴ በጆሮዬ፣ «ስንት ወር ነው የበሉበት?» አለኝ። «አሥራ አራት» አልኩት። ሌላ አልተናገረም። ማታ ባረፍንበት ቤት ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ነው ጉዳዩን ያነሣነው። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር፤ ትልቁ ልጃችን ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ሲመለስ አሥራ ስድስት ይሆናል። ቤቱ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ቢያልቅ ያልቃል፤ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሆነ ልጅ ግን ዘግይቶ አያገኙትም። ባለቤቴ ቆይቶ፣ «የኪራዩን ነገር አንቺ ታውቂበታለሽ» አለኝ። አብረን ተመለስን። ቤታችን ዛሬ ሁለት ክፍሉ ብቻ ተከድኖ እየኖርንበት ነው፤ ግድግዳው ገና አልተለሰነም፤ የወጥ ቤቱ ውኃ አሁንም በባልዲ ነው። ገንዘቡን አንዳንድ ቀን፣ በተለይ በክረምት፣ አስበዋለሁ።

ወደ ቺካጎው ቤት ልመለስ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የታሪኩ ክፍል እኛን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን፣ ይነካልና።

በ1926 ቤቱን ከዊልበሮች የገዛው በ1855 የተመሠረተው የቺካጎ ቲዎሎጂካል ሴሚናሪ ነው። ወንጌል አገልጋዮች የሚሠለጥኑበት የፕሮቴስታንት ትምህርት ቤት ነው። ቤቱን የተማሪዎች ማደሪያና የመመገቢያ አዳራሽ አደረገው። የፈለገው ግን በዋነኛነት ቦታውን ነበር፤ ወደፊት ሲስፋፋ ሊገነባበት። በ1941 ቤቱ ሊፈርስ መታቀዱን አንድ ተማሪ በአጋጣሚ ደረሰበትና ለመምህራኑ ነገረ፤ ተቃውሞ ተነሣ፤ ጦርነቱም መጣ፤ ነገሩ ተዳፈነ። በ1957 መጋቢት ወር ላይ ግን ሴሚናሪው በይፋ አስታወቀ፤ ቤቱ ፈርሶ በቦታው የተማሪዎች ማደሪያ ይሠራል።

ራይት ያን ጊዜ ዘጠና ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጋዜጠኞችን አስከትሎ መጣና ቤቱን ዞሮ አየ። ከዚያም መንፈሳዊ የሆነን ነገር ለቀሳውስት ዐደራ መስጠት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ይኸው ታየ የሚል ንግግር ተናገረ። የመጋቢ ሚስት ነኝና ይህች ንግግር ትቆነጥጠኛለች። በአንድ በኩል፣ ስድስት ልጆቹን ጥሎ የሄደ ሰው ስለ ዐደራ ሊያስተምረን አይገባም ብዬ እበሳጫለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ እውነት አለው። ሴሚናሪውንም እረዳዋለሁ፤ እኔም በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ለስድስት ሴቶች በተሰጠ አንድ ክፍል፣ በተደራራቢ አልጋ ላይ አድሬያለሁ፤ ዶርም የሚያስፈልገው ትምህርት ቤት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ጡብ ተማሪን አያሳድርም። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በእጃቸው የነበረውን ነገር የውጭ ሰዎች ናቸው የነገሯቸው። እኛም ጋ የአሮጌ ጸሎት ቤት ጣሪያና መስኮት ለአዲስ አዳራሽ ተብሎ በአንድ ቅዳሜ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ማን እንደሠራው የጠየቀ አልነበረም።

መፍትሔው ከማይጠበቅ ቦታ መጣ። በአቅራቢያው ቤት የነበራቸው ሁለት የዩኒቨርሲቲ ወንድ ተማሪዎች ማኅበራት፣ ሴሚናሪው የእኛን ቤቶች ወስዶ በዚያ ይገንባ፣ ይህን ግን ይተው አሉ። እነዚህ ማኅበራት በጸሎታቸው የሚታወቁ አይደሉም፤ የራሳቸውን ቤት ለመልቀቅ የተነሡት ግን እነርሱ ናቸው። በ1958 ዊልያም ዜከንዶርፍ የተባለ የሪል ስቴት ባለሀብት ቤቱን ከሴሚናሪው ገዛ፤ በ1963 ለቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በስጦታ ሰጠ። ራይት ይህን ስጦታ አላየም፤ በ1959 ሚያዝያ ወር ላይ አርፏል። በዚያው በ1963 ቤቱ የአገሪቱ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ዩኒቨርሲቲው ለዓመታት በቢሮነት ሲጠቀምበት ቆይቶ በ1997 የራይትን ሥራዎች ለሚጠብቅ ተቋም አስረከበው። ከዚያ በኋላ ዓመታት የወሰደ እድሳት ተደረገለት፤ 11 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት በ2019 ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ከሌሎች ሰባት የራይት ሕንፃዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ቺካጎ የምትኖሩ ወይም ለዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ ካላችሁ ዉድሎን ጎዳና፣ ቁጥር 5757 ብላችሁ ጠይቁ። ጉብኝቱ የሚጀምረው ከዚያ ሦስት መኪና ከሚያቆመው ጋራዥ ነው፤ አሁን የመጻሕፍትና የማስታወሻ ዕቃዎች መሸጫ ሆኗል። ባለትዳሮች አብራችሁ ሂዱ። ልጆቻችሁን ከያዛችሁ የልጆቹን መጫወቻ ክፍል እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ሰው ወደ ላይ ለመውጣት ሲቸኩል ያልፈዋል። ከመግባታችሁ በፊት ግን ደቡብ ጎን ባለው ግድግዳ ሥር ቁሙና ጡቦቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ክሬም መልክ ያለው በአግድም፣ ቀዩ በቁም ነው። ከመንገዱ ማዶ የማይታየው ቀዩ መጋጠሚያ እዚያ ቆማችሁ ስታዩት ወለል ብሎ ይታያል።